አንድ መስመር ኮድ ወደ ምንጩ ሲመለስ

የእህቴ ልጅ ከውጭ የተላከለትን ላፕቶፕ ይዞልኝ የመጣ ዕለት፣ ከድምፁ በቀር ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር። ዋይፋዩ ይይዛል፣ ስክሪኑ ጥርት ያለ ነው፣ ጆሮ ማዳመጫ ሲሰካለትም ዘፈኑ ይሰማል። ማዳመጫው ሲነቀል ግን ጭጭ። «ጋሼ፣ ስፒከሩ ተቃጥሎ ይሆን እንዴ?» አለኝ። አልተቃጠለም። ልጁ ዴቢያን ጭኖበት ነበር፤ በውስጡ ያለው ሊኑክስ ደግሞ ይህን ሞዴል ገና አላወቀውም። ሁለት ምሽት ሙሉ ስንፈልግ ቆይተን ያገኘነው መፍትሔ አንድ መስመር ኮድ ነው። መስመሯን ጨምረን ከርነሉን እንደገና ኮምፓይል ስናደርገው ስፒከሩ ተናገረ።

ደስታችን ብዙ አልቆየም። በሳምንቱ ዴቢያን የደኅንነት ማሻሻያ ላከ፤ ከርነሉ በአዲስ ተተካ፤ ድምፁም አብሮ ጠፋ። «በየጊዜው እንዲህ ልንሠራው ነው?» አለ ልጁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያቺ መስመር እሱ ላፕቶፕ ላይ ትቅር? ዴቢያን ይያዛት? ወይስ ሊኑክስ ራሱ ውስጥ ትግባ?

ሊኑክስ የሚለው ስም በትክክል የከርነሉ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 ጀመረው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከርነል በፕሮግራሞቹና በሃርድዌሩ መካከል ቆሞ የሚያገናኝ ነው፤ ብቻውን ግን ለተጠቃሚው ብዙም አይረባውም። መስኮቱን የሚከፍተው፣ ጽሑፉን የሚያሳየው፣ ኢንተርኔቱን የሚያስሰው ፕሮግራም በሌላ ሰው፣ በሌላ ቦታ የተጻፈ ነው። እነዚህን በሺዎች የሚቆጠሩ ሥራዎች ሰብስቦ፣ አጣጥሞ፣ ፈትሾ ለተጠቃሚው የሚያደርሰው ደግሞ ዲስትሮ ይባላል። በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን፣ በእሱ ላይ የተገነባው ኡቡንቱ፣ ከቀይ ኮፍያው ሬድ ሃት ጎን ያደገው ፌዶራ ሁሉ ዲስትሮዎች ናቸው።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚጻፍበትንና የሚወጣበትን ቦታ የሙያው ሰዎች አፕስትሪም ይሉታል፤ የወንዙ ላይኛው በኩል ማለት ነው። እኔ ምንጩ እያልኩ እቀጥላለሁ። ዲስትሮው ታች ነው፤ ከምንጩ የወረደውን ቀድቶ ለሰው ያደርሳል። ሁልጊዜ ግን የወረደውን እንዳለ አያቀርበውም። አንዳንዴ አንድ ነገር ያስተካክላል። የተስተካከለው ነገር የሚጻፍበት ትንሽ ፋይል ፓች ይባላል፤ ልብስ ላይ እንደሚጣፍ እራፊ ማለት ነው። ፓች ሲከፈት በቀላሉ ይነበባል። የትኛው ፋይል እንደሚነካ ይናገራል፤ የሚወጣው መስመር ፊት የመቀነስ ምልክት፣ የሚገባው መስመር ፊት የመደመር ምልክት አለ፤ ዙሪያው ቦታውን ለመለየት የሚረዱ ጥቂት መስመሮች አሉ። በዴቢያን ፓኬጁ፣ ማለትም ለተጠቃሚው ተዘጋጅቶ የሚቀርበው ፕሮግራም፣ በተሠራ ቁጥር እነዚህ ፓቾች አንድ በአንድ፣ በተጻፈላቸው ቅደም ተከተል፣ በምንጩ ኮድ ላይ ይለጠፋሉ።

ከፓቾቹ አንዳንዶቹ የሃርድዌር ጉዳይ ናቸው፤ ምክንያቱም ሃርድዌርና ሶፍትዌር በአንድ ሰዓት አይሄዱም። የሊኑክስ ከርነል በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ አዲስ እትም ያወጣል። ዴቢያን ደግሞ ሁለት ዓመት ገደማ እየጠበቀ አንድ የተረጋጋ እትም ያወጣና ያንን ይዞ ይቆያል። በጁን 2023 የወጣው ዴቢያን 12 የያዘው በዲሴምበር 2022 የወጣውን ከርነል 6.1 ነው። በ2024 ከፋብሪካ የወጣ ላፕቶፕ እዚያ ውስጥ ስሙ የለም። ተጠቃሚው ግን ዛሬ ገዝቶ ዛሬ እንዲሠራለት ይፈልጋል፤ ዲስትሮውም ሊያሳዝነው ስለማይፈልግ ፓች ይጨምራል። በዚህ ምንም ጥፋት የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ፓቹ እዚያው ሲቀር ነው።

እዚያው ሲቀር ምን ይሆናል? ምንጩ አዲስ እትም ሲያወጣ በፓቹ ዙሪያ የነበሩት መስመሮች ይለወጣሉ። ትናንት በትክክል የሚለጠፈው ፓች ዛሬ ቦታውን አጥቶ «አልተሳካም» ይላል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያስተካክለዋል፤ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ያስተካክለዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ምንም ሳይል ተለጥፎ በተለወጠው ኮድ ውስጥ የተሳሳተ ሥራ የሠራ እንደሆነ ነው። ያስተካክል የነበረው ሰው ሥራ ቢቀይር ወይም ቢደክመው፣ ፓቹ ለምን እንደገባ የሚያውቅ አይኖርም፤ ፓቹ የተጻፈለት ማሽን አሁንም በእጁ ያለ ሰው ስለማይገኝም ለማውጣት የሚደፍር ይጠፋል። በመቶ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ፓቾች ሲደራረቡ ፓኬጁ ድሪቶ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? አንድ ዲስትሮ ብቻውን የሚሸከመው ፓች ምንጩ ውስጥ ቢገባ፣ ኮዱን የሚለውጡት ሰዎች ራሳቸው አብረው ያስተካክሉታል፤ የሌሎች ዲስትሮዎች ተጠቃሚዎችም ሳይጠይቁ ያገኙታል።

ከሸክሙ በላይ የሚያሳስበው ግን የመመርመሩ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የሃርድዌር ያልሆነ፣ ግን ዲስትሮ ፓች በያዘ ቁጥር ሊታወስ የሚገባ ታሪክ አለ። ኦፕንኤስኤስኤል በኢንተርኔት ላይ ምስጢር የሚጠበቅባቸውን ቁልፎች ለመሥራት የሚያገለግል ሶፍትዌር ነው። በ2006 በዴቢያን በኩል ፓኬጁን የያዘው ሰው፣ ቫልግራይንድ የተባለው የስህተት መፈለጊያ የሚያሰማውን ማስጠንቀቂያ ለማስቀረት ሁለት መስመር ከኮዱ እንዳይሠሩ አደረገ። ለምንጩ ሰዎች ስለ ነገሩ ጥያቄ አቅርቦ ነበር፤ ፓቹ ራሱ ግን ተመርምሮ እንዲገባ አልተላከም። ከሁለቱ መስመሮች አንዱ ቁልፉን የማይገመት የሚያደርገውን መረጃ ወደ ውስጥ የሚጨምር ነበር። እሱ ሲወጣ ቁልፎቹን የሚለያያቸው የፕሮሰሱ ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ላለ ፕሮግራም የሚሰጠው ቁጥር፣ ብቻ ሆነ፤ ያ ቁጥር ደግሞ ከ32,768 አያልፍም። ከዋክብትን ሊያህል የሚገባው የቁልፍ ብዛት አንድ ተራ ኮምፒውተር ቆጥሮ ወደሚጨርሰው ዝርዝር ወረደ። ዴቢያንም ከእሱ የቀዳው ኡቡንቱም ሁለት ዓመት ገደማ እንዲሁ ቆዩ። ሜይ 13 ቀን 2008 ጉዳዩ ሲገለጽ በዓለም ዙሪያ የሰርቨር ኃላፊዎች ቁልፎቻቸውን እየጣሉ እንደ አዲስ መሥራት ነበረባቸው። ያ ሰው ሰነፍ ወይም ቸልተኛ ነበር ብዬ አላምንም፤ በቅን ልብ የተሠራ ሥራ ነው። ኮዱን ከጻፉት ሰዎች ዓይን ፊት አለማለፉ ነው የጎዳው።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ፤ ያቺ መስመር ቀረብ ተብላ ብትታይ ጥሩ ነው። በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው የድምፅ ቺፕ የሪልቴክ ነው። ቺፑ አንድ ዓይነት ቢሆንም እያንዳንዱ አምራች መስመሩን በየራሱ መንገድ ይዘረጋዋል፤ አንዱ ስፒከሩን በዚህኛው እግር፣ ሌላው በዚያኛው እግር ያገናኛል። የትኛው እግር ከምን ጋር እንደተገናኘ ለከርነሉ መናገር ያለበት ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም፣ ነው። አንዳንዱ ባዮስ ግን የተሳሳተ ይናገራል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ዝም ይላል። ስለዚህ ከርነሉ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞዴሎች የተመዘገቡበት ረጅም ሠንጠረዥ አለ። እንግሊዝኛው ኩዊርክ ይለዋል፤ በእኛ ቋንቋ አመል ብንለው በትክክል ይገጥማል። ሠንጠረዡ የላፕቶፖች አመል መዝገብ ነው። እያንዳንዱ መስመር የአምራቹን መለያ ቁጥር፣ የሞዴሉን መለያ ቁጥር፣ ሰው የሚያነበውን ስምና ለዚህ ሞዴል የትኛው ማስተካከያ እንደሚሠራ ይይዛል። የእኛ መስመር ከዚህ የተለየች አልነበረችም። ማስተካከያው ቀድሞ ለሌላ ሞዴል ተጽፏል፤ እኛ የጨመርነው «ይኼኛውም እንደዚያው ነው» የሚል ምዝገባ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለችው ትንሽ ነገር ወደ ምንጩ የምትሄድበት መንገድ ግን የራሱ ወግ አለው። መጀመሪያ የሚታየው ምንጩ ራሱ ነው፤ በቅርቡ እትም ውስጥ ሌላ ሰው ቀድሞ አስገብቶት ሊሆን ይችላል። የእኛ ሞዴል አልነበረም። ከዚያ ለማን እንደሚላክ ማወቅ ያስፈልጋል። ከርነሉ ውስጥ የትኛው ክፍል በማን ኃላፊነት እንደሆነ የተጻፈበት ፋይል አለ፤ ፓቹን አንብቦ የሚመለከታቸውን ሰዎች አድራሻ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራምም አብሮ ይመጣል። ፓቹ የሚላከው በተራ ኢሜይል ነው፤ ያለ አባሪ፣ ያለ ጌጥ፣ በጽሑፍ ብቻ። ከላዩ ምን እንደተበላሸ፣ በየትኛው ማሽን ላይ እንደታየና መስመሯ ለምን እንደምታስተካክለው ይጻፋል። ከግርጌው ደግሞ ላኪው በስሙ ይፈርማል። ይህ ፊርማ በ2004 የመጣ ደንብ ነው፤ ትርጉሙም «ይህን ኮድ የማበርከት መብት አለኝ፤ ከሌላ ሰው ያለ ፈቃድ አልወሰድኩም» ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ከብሮውዘሩ ላከው። በማግስቱ አጭር መልስ መጣ፦ ፓቹ አይለጠፍም። በብሮውዘር የሚከፈተው ኢሜይል በኮዱ ውስጥ ያሉትን የታብ ክፍተቶች ወደ ተራ ባዶ ቦታ ለውጧቸው ነበር፤ ለዓይን ልዩነቱ አይታይም፣ ለማሽኑ ግን ሌላ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛ አስተያየትም ነበረ፤ ሠንጠረዡ በመለያ ቁጥር ተራ የተደረደረ ስለሆነ መስመሯ ቦታዋ እዚያ አይደለም። ልጁ ፊቱ ተለወጠ፤ የተነቀፈ መሰለው። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ደስ አለኝ። የማያውቀን ሰው የአንድ መስመር ሥራችንን በዓይኑ አንብቦ፣ ቦታዋን እንኳ አስተውሎ መልሷል። ከላይ የተናገርኩት ምርመራ ማለት ይኸው ነው። ልጁ ፓቹን አስተካክሎ፣ «ሁለተኛ እትም» ብሎ ምልክት አድርጎበት፣ በብሮውዘሩ ፋንታ ጊት በሚባለው መሣሪያ ላከው፤ ተቀባይነት አገኘ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዞ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔ ግን የዚህ ሁሉ ሥርዓት ውበት እዚያ ይመስለኛል። ፓቹ መጀመሪያ ወደ ድምፅ ክፍሉ ማከማቻ ገባ፤ ከዚያ ከሌሎች እርማቶች ጋር «ዛፍ» ወደሚባለው የቶርቫልድስ ዋና ማከማቻ ወጣ። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ የተረጋጉ ከርነሎችን የሚጠብቅ ሌላ ቡድን አለ፤ እንደ 6.1 ያሉትን የቆዩ እትሞች በእርማት ብቻ እያደሰ ያቆያቸዋል። የዚህ ቡድን ደንብ ግልጽ ነው። እርማቱ ትንሽ መሆን አለበት፤ ዙሪያው ያሉት መስመሮች ተቆጥረው እንኳ ከ100 መስመር እንዲበልጥ አይፈቀድም። አዲስ የሃርድዌር መለያ ቁጥርና የአመል ምዝገባ በግልጽ ይፈቀዳል። ከሁሉም በላይ ግን፣ እርማቱ ወይም አቻው አስቀድሞ ምንጩ ውስጥ የገባ መሆን አለበት። በቀጥታ ወደ ታች የሚወስድ አቋራጭ የለም። ወደ ላይ የወጣው ፓች ወደ ቆዩት እትሞች ይወርዳል፤ ዴቢያን ከዚያ ይቀዳል፤ አንድ ቀን ተራ ማሻሻያ ሆኖ ላፕቶፑ ላይ ይደርሳል። የእኛም በዚሁ መንገድ መጣ። ያንኑ ሞዴል ገዝቶ ፌዶራ የጫነ ሰው ድምፁ ጠፍቶ እንደነበር እንኳ ሳያውቅ ዘፈኑን ያዳምጣል።

ሁሉም ፓች ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፍም፤ ማለፍም የለበትም። ለዲስትሮው የሚበቃ ጥገና ለምንጩ ላይበቃ ይችላል። ሪስክ-ፋይቭ የተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ንድፉ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ በ2010 የተጀመረ ሲሆን፣ ማንም ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት የሚችል ነው። ሊኑክስ በ2018 መጀመሪያ በወጣው እትም 4.15 ተቀበለው፤ ዴቢያን በ2023 በይፋ ከሚደግፋቸው ጋር ደመረው፤ በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ደግሞ ሪስክ-ፋይቭን ይዞ የወጣ የመጀመሪያው የተረጋጋ እትም ሆነ። በመካከል የነበረው ሥራ የጉንዳን ሥራ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ፓኬጆች በዚህ ፕሮሰሰር ላይ ተሞክረዋል፤ ብዙዎቹ በአንድ ዓይነት ጥቃቅን ምክንያት ይወድቁ ነበር። ለምሳሌ አንድ ባይት የምታህልን ቁጥር፣ ሌላ ሥራ መካከል ሳይገባ፣ በአንድ አፍታ የመለወጥ ተግባር አለ። በሌሎች ፕሮሰሰሮች ላይ ኮምፓይለሩ ራሱ ይሠራዋል፤ በሪስክ-ፋይቭ ላይ ግን ለረጅም ጊዜ ሊብአቶሚክ የተባለ ተጨማሪ ላይብረሪ ያስፈልግ ነበር።

የዲስትሮው ሰው ቸኩሎ «ፕሮሰሰሩ ሪስክ-ፋይቭ ከሆነ ላይብረሪውን ጨምር» ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ፓኬጁ ይሠራለታል። የምንጩ ባለቤት ግን ይህን ሲያይ ነገ ሌላ ፕሮሰሰር ሲመጣ ሌላ «ከሆነ» እንደሚጨመርበት ያውቃል። ተመራጩ «መጀመሪያ ያለ ላይብረሪው ሞክር፤ ካልተሳካ ጨምር» የሚለው ነው። የፕሮሰሰር ስም የለበትም፤ ስለዚህ ገና ላልተወለደ ማሽንም ይሠራል። ልዩነቱ ሦስት አራት መስመር ነው፤ አስተሳሰቡ ግን ሰፊ ነው። ወደ ምንጩ ለመላክ የሚዘጋጅ ሰው «ለእኔ ማሽን ይሠራል ወይ?» ከሚለው አልፎ «ይህ ማሽን ለሌላቸው ሁሉ ምን ያደርጋል?» ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል።

አንዳንዴ መልሱ «ቦታው እዚህ አይደለም» የሚል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔትን በዶንግል፣ ዩኤስቢ ላይ በሚሰካው ትንሽ ሞደም፣ የጀመርን ሰዎች ይህን በእጃችን አይተነዋል። ዶንግሉ ሲሰካ ሞደም ሆኖ አይቀርብም፤ መጀመሪያ የዊንዶውስ ድራይቨር የያዘ ሲዲ መስሎ ይታያል። በሊኑክስ ላይ «ሞደም ሁን» የሚል መልእክት ካልተላከለት ሲዲ እንደሆነ ይቀራል። ብዙ የሁዋዌ ዶንግሎች ሲሰኩ 1446 የሚል የምርት ቁጥር ያሳያሉ፤ መልእክቱ ሲደርሳቸው ወደ 1001 ወይም ወደ ሌላ ቁጥር ይለወጣሉ። ለጥቂት ሞዴሎች ይህን መልእክት የሚልክ ኮድ ከርነሉ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሞዴሉ እየበዛ ሲሄድ ግን ዝርዝሩ ከከርነሉ ውጭ፣ ዩኤስቢ ሞድስዊች በተባለ ትንሽ ፕሮግራም ዳታቤዝ ውስጥ እንዲያዝ ተመረጠ። ስለዚህ አዲስ ዶንግል ላገኘ ሰው ምንጩ የከርነሉ ሰዎች ሳይሆኑ ያ ዳታቤዝ ነው። ለተሳሳተ ደጅ የተላከ ጥሩ ፓች መልስ አጥቶ ይቀራል፤ ላኪውም ተስፋ ይቆርጣል። ደጁን መለየት የሥራው ግማሽ ነው።

ትልልቆቹም ይቸገራሉ። አንድሮይድ ስልክ ሲተኛና ሲነቃ የሚጠቀምበት ዌክሎክ የተባለ ዘዴ ነበረው። ጎግል ኮዱን ወደ ከርነሉ ለማስገባት ሲሞክር የከርነሉ ሰዎች ንድፉን አልተቀበሉትም፤ ለሙከራ ገብቶ የነበረው የአንድሮይድ ኮድ የሚንከባከበው ሰው በማጣቱ በ2010 በወጣው እትም 2.6.33 ተወገደ። ክርክሩ መራራ ነበር። ያም ሆኖ ንግግሩ አልተቋረጠም፤ በ2012 የወጣው እትም 3.3 የአንድሮይድን ኮድ መልሶ ማስገባት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት በእትም 3.5 ለእንቅልፉ ጉዳይ ሁለቱም ወገን ሊጠቀሙበት የሚችሉት ዘዴ ገባ። እስከዚያ ድረስ ለአንድሮይድ የተጻፈ ድራይቨር በተራው ሊኑክስ ላይ እንዳለ አይሠራም ነበር፤ ሁለት ሁለት ጊዜ የተጻፈ ሥራ ምን ያህል እንደሆነ ሳስበው ያመኛል።

ዴቢያን በ1997 ባጸደቀው ማኅበራዊ ውል፣ እርማቶችንና ማሻሻያዎችን ለምንጩ ጸሐፊዎች እንደሚያሳውቅ ቃል ገብቷል። ቃሉ የሚፈጸመው ግን በሰው ጊዜ ነው፤ ሰው ደግሞ ያንሳል። ለዚህም ይመስለኛል በእያንዳንዱ ፓች አናት ላይ አጭር መግለጫ እንዲሞላ የሚመከረው፦ ምን እንደሚያስተካክል፣ ማን እንደጻፈው፣ ከየት እንደመጣ። ከእነዚህ መካከል «ፎርዋርድድ» የሚል መስመር አለ። ፓቹ ወደ ምንጩ ተልኮ ከሆነ የተላከበት አድራሻ ይጻፍበታል፤ መላክ የማያስፈልገው ከሆነ ይኸው ይገለጻል፤ ካልተላከ «ኖ» ይባላል።

«ኖ» የተጻፈባቸው ፓቾች ለጀማሪ ጥሩ መግቢያ ናቸው። የምንጩን የቅርብ እትም አውርዶ ችግሩ አሁንም እንዳለ ማየት፣ ካለ ፓቹን ከአዲሱ ኮድ ጋር ማጣጣም፣ የመጀመሪያውን ጸሐፊ ስም እንዳለ መተው፣ በየትኛው ማሽን ላይ እንዴት እንደተሞከረ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፎ መላክ። የእህቴ ልጅ አሁን የያዘው አንድ የድሮ ፕሪንተር ፓች ነው፤ ለዓመታት «ኖ» እንደተባለ የኖረ። ፕሪንተሩን ከጎረቤት ተውሶ ሞክሮታል። ሁለተኛውን እትም ባለፈው ማክሰኞ ልኮ መልስ እየጠበቀ ነው።